የሚነግረኝ ሰው

የካ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሀብተወልድ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይግባ። ደብዳቤህን ኢዶሳ አድርሶኛል። ድሮ በኤንትሬ የጭነት መኪና አገር ላገር ስንከራተት ረዳቴ የነበረው ልጅ፣ ይኸው ዛሬ የሆሳዕና አውቶቡስ እየነዳ የእኔና የአንተ ፖስታ ቤት ሆኗል። ጆሮህ ስልክ መስማት እምቢ ካለ ወዲህ እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?

አልተቀየምኩህም። «ሳልሰናበትህ ሄድኩ» እያልክ ወረቀቱን አትጨርስ። ጁምዓ ሰግጄ፣ ሾላ ገበያ ገብቼ አንተ የምትወደውን ብርቱካን ይዤ ስመለስ አልጋህ ተነጥፎ አገኘሁት። ፋኑኤል መኪና ይዞ መጥቶ እንዳጣደፈህ ዘበኛው ነገረኝ። ልጅ አባቱን ወደ ቤቱ ቢወስድ ምን ይባላል? ብርቱካኑን ለወይዘሮ ወርቅአየሁ ሰጠኋት። ጎመዘዘኝ ብላ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።

ስለ መጦሪያው ክፍላችን ጠይቀኸኛል። አልጋህ እንዳለ ነው። ሲስተር አስቴር ሌላ አዛውንት ልታስገባበት ስትል «ይመለሳል» ብዬ ከለከልኳት። የተቸገርኩት በጢሜ ነው። ዕድሜህን በሙሉ ሾላ ላይ ፀጉር ስትቆርጥ የኖርክ ሰው አጠገቤ ተኝተህ አቀማጥለኸኛል። አሁን በራሴ እጅ ስላጭ አገጬን ቆራርጬ ጨርሼዋለሁ።

ቅዳሜና እሑድ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡት መኪኖች በራችን ፊት ይሰለፋሉ። ሕፃናቱ በመስኮት እጃቸውን ያውለበልቡልኛል፣ እኔም አውለበልብላቸዋለሁ። ከሰው ጋር የማደርገው ጨዋታ ሰሞኑን ይኸው ነው።

ስለ ሐኪሙ የጠየቅኸኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ኢዶሳ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው። ተልባህን ጠጣ።

ነጅመዲን


ሆሳዕና፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ከሰውነቴ መክሳት በቀር ደህና ነኝ ይሉኛል።

ኢዶሳን ጠየቅሁት። ሞተር አስነሥቶ አልጠበቀህም። ሻይ እየጠጣችሁ ስለ ጎማ ዋጋ ስታወሩ ነው ያመሻችሁት። ውሸት አይሆንልህም፣ አትሞክረው።

ቤቱ ሙሉ ነው። ልጄ ሀሴት አጥሚት ታፈላልኛለች፤ ፋኑኤል ከሥራ ሲመለስ እግሬን ያጥበኛል። ጎረቤቱ በየተራ እየመጣ «ጨጓራ እኮ ቀላል ነው» ይለኛል፤ አንዱ ማር፣ አንዱ ተልባ፣ አንዱ ጸበል ይዞልኝ ይመጣል። ግን ወደ ሳሎን ስገባ ወሬው ይቋረጥና ሁሉም በአንዴ ይስቃል። ምን እንዳሳቃቸው ስጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። በዚህ ሁሉ ሰው መሐል እንዲህ ብቻዬን የሆንኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ባለፈው ግንቦት ሲስተር አስቴር እያንዳንዳችንን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ እያስቀመጠች የጠየቀችንን አልረሳኸውም። አቅም ስናጣ ሆስፒታል እንውሰዳችሁ ወይስ እዚሁ? መናገር ሲያቅታችሁ ማን ይናገርላችሁ? ወርቅአየሁ «ሟርትሽን ይዘሽ ሂጂ» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አንተ ደግሞ «እኔ ሾፌር ነኝ፣ ቁልቁለቱ ጋ ስደርስ ማርሽ እቀይራለሁ» ብለህ አመለጥክ። እኔ ግን መለስኩላት። እዚሁ አልጋዬ ላይ ልሙት፣ እዚሁ የካ ከሚስቴ ከአሳየች ጎን ልቀበር፣ የሚናገርልኝ ነጅመዲን ነው አልኩ። የሆንኩትን ነገር ደግሞ ከልጆቼ በፊት ለእኔ ይነገረኝ፣ የሚነግረኝም እሱ ይሁን አልኩ። አንተም እጄን መትተህ «ቃሌ ነው» አልከኝ።

መስከረም ላይ የሆስፒታሉ ውጤት የመጣ ቀን፣ አስቴር አንተንና ፋኑኤልን ቢሮዋ አስገባች። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ነበርኩ። ስትወጡ ፋኑኤል «ጨጓራ ነው አባዬ» አለኝ። አንተ ጫማህን ታይ ነበር። በሳምንቱ ወሰዱኝ።

ለምን እንደምነዘንዝህ ልንገርህ። ጨጓራ ከሆነ እስከ ፋሲካ ከልጆቼ ጋር ከርሜ እመለሳለሁ። ሌላ ነገር ከሆነ ግን መኪና መሳፈር ሳያቅተኝ አሁኑኑ መምጣት አለብኝ። እዚህ ከሞትኩ ዘመዱ ሬሳዬን አይለቅም፣ አሳየችም እዚያ ብቻዋን ትቀራለች። ምን አላችሁ ሐኪሙ?

ሀብተወልድ


የካ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋኑኤል፣

ይህችን ወረቀት ኢዶሳ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። አባትህ እንዳያያት።

ያን ቀን ቢሮው በር ላይ እጄን ይዘህ «ካንሰር መሆኑን እንዳይሰማ፣ ተስፋ ቆርጦ ይሞትብኛል» ስትለኝ ታለቅስ ነበር። እኔ ልጅ ሲያለቅስ አንጀቴ አይችልም። «ወላሂ አልናገርም» ብዬ ማልኩልህ። ከአንተ በፊት ለእሱ ቃል መስጠቴን ረስቼው ነበር ብልህ ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም፤ «እንዲህ ነው» ብሎ የሚነግረው ሰው መሆን ፈርቼ ነው።

አሁን ይጠይቀኛል። ደብዳቤው ትራሴ ሥር ነው። ሐኪሙ «ጉበቱ ውስጥ ገብቷል፣ ቀዶ ጥገና አይረዳውም፣ የቀረው ወራት ነው» ያለውን አንተም ሰምተሃል። አባትህ ደግሞ ከእናትህ ጎን መቀበር ይፈልጋል። መምጣት የሚችለው ደግሞ አሁን ነው።

የሰው አፍ እንደምትፈራ አውቃለሁ። «አባቱን መጦሪያ ጥሎት እዚያው ሞተ» እንዳትባል ነው የወሰድከው፤ አልፈርድብህም። ግን ወይ ራስህ ንገረው፣ ወይ እኔን ከመሐላዬ ፍታኝ። መልስህን ኢዶሳ ሲመለስ እጠብቃለሁ።

አባትህ ነጅመዲን


የካ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀብቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ጋ ብርዱ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ከባሕር ዛፉ የሚወርደው አየር አጥንት ይሰብራል። ወርቅአየሁ ካልሲ በካልሲ ደርባ ጫማዋ አልገባ አላት፣ ይኼንንም በእኔ አሳብባለች።

ፋኑኤል ቡላና ቅቤ ልኮልኛል፣ ከአጭር ቃል ጋር። አመስግንልኝ። ቡላውን ለወጥ ቤት ሰጥቼው ግቢው ሁሉ በላው፣ እኔ ግን አልወረደልኝም።

የጠየቅኸኝን ልጅህን ጠይቀው። አባቱ ነህ፣ አይዋሽህም። እኔ በሰው ቤት ነገር ባልገባ ይሻላል። አይዞህ፣ ብላ፣ ጠጣ፣ ፈጣሪ አለ።

ነጅመዲን


ሆሳዕና፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ነጅመዲን፣

የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ የካ ብርድና ስለ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ካልሲ በሰፊው ስለ ገለጹልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። በሰው ቤት ነገር እንደማይገቡም ተረድቻለሁ። አራት ዓመት አንድ ክፍል ስንተኛ ሰው ቤት እንደሆንኩብዎ አላወቅሁም ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ነጅሜ፣ አንቱታው አልሆነልኝም። ጉልበቴን በአንቱታ አልጨርስም።

ባለፈው ሰኞ ሀሴት ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳችልኝ። ሁሉም ቆመው አዩ፣ ለምን እንደሚሰፋኝ የጠየቀ ግን አልነበረም። «አባዬ ወጣት መሰልክ» አለችኝና ሮጣ ወጣች። ጓዳ ስታለቅስ በበሩ ቀዳዳ አየኋት። ስትመለስ እየሳቀች ነው። እኔም ሳቅሁላት።

ደንቆሮ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። የሆነ ነገር እንዳለብኝ አውቄዋለሁ። ግን ከእኔ ጋር የሚያውቅ ሰው የለም። ስም የሌለውን ነገር ተሸክሜ በዚህ ሁሉ ሰው መሐል እዞራለሁ፤ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ነው፣ ስንት እንደቀረ የሚነግረኝ ግን የለም። ከአንተ የፈለግሁት መድኃኒት አልነበረም። ተቀምጠህ «እንዲህ ነው ሀብቴ» እንድትለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም።

ሀብተወልድ


የካ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀብቴ፣

ተቀምጠህ አንብበው። ብቻህን ሁን።

ካንሰር ነው። ከጨጓራህ ተነሥቶ ጉበትህ ደርሷል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አይረዳውም፣ ሕመሙን ግን ማስታገስ ይቻላል አለ። የቀረህ ወራት ነው አለ። ይህን የሰማሁት መስከረም ላይ ነው። ካንተ ጋር አንድ ክፍል ተኝቼ፣ በየጠዋቱ ጢሜን ስትላጨኝ ዓይንህን እያየሁ ዝም አልኩህ። ከዚያ በኋላም ስለ ካልሲ ጻፍኩልህ። እንዲህ ነው ሀብቴ። እስከ ዛሬ አለማለቴ የእኔ ጥፋት ነው።

ለፋኑኤል ምዬለት ነበር። አልፈታህም አለኝ፣ ቡላው የመጣውም ለዚያ ነበር። በእኛ ደንብ መሐላ ያፈረሰ ድሆችን ያበላል፣ ያ ካቃተው ይጾማል። እኔም ሦስቱን ቀን ጾምኩ። በሁለተኛው ቀን አስቴር የልብ ኪኒኔን ሳልውጥ ይዛኝ ግቢውን በጩኸት አናወጠችው። ለምን እንደሆነ ስነግራት ግን «ካሰቡት ይጻፉለት» ብላ ወረቀት አመጣችልኝ።

አሁን የምትሰማኝ ከሆነ ና። ለሕመሙ የሚሆነውን መድኃኒት አስቴር ታዘጋጃለች፣ ሆስፒታል አንወስደውም ብላኛለች። አልጋህ በመስኮቱ በኩል ነው፣ እንደተውከው። መሳፈር በቻልክበት ቀን ኢዶሳ የፊት ወንበር ይይዝልሃል። ብትሰድበኝም እዚህ መጥተህ ስደበኝ።

ነጅመዲን


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅሜ፣ ወንድሜ፣

ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። አለቀስኩ። ከዚያ ገብቼ ራቴን በላሁ፣ ጠግቤም አደርኩ። ይህን ለማን ብነግረው ያምነኛል?

ልጆቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። «ካንሰር እንዳለብኝ አውቄያለሁ፣ መሳቁ ይብቃችሁ» አልኳቸው። ሀሴት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፋኑኤል ግን በአንተ ላይ ነደደ። «አባቴን የገደለው ያ ሽማግሌ ነው» አለ። ኢዶሳ ከእንግዲህ ግቢዬን እንዳይረግጥ ብሎት ደብዳቤውን በጎረቤት ነው የምልከው። አትዘንበት። ሊያጣኝ የፈራ ልጅ ነው።

የካ ልሂድ ስለው እምቢ አላለኝም። መጀመሪያ «ገና ይለፍ» አለ። አሁን ደግሞ «ዘመድ ይሰናበትህ፣ ጥምቀት ይለፍ» ይላል። ጉልበቴ ጥምቀትን የሚጠብቅ አይመስለኝም፤ ግን የልጄን ቃል ጥሼ በር አልከፍትም።

አንተስ? አስቴር ደግማ እንደምትጠይቅህ አውቃለሁ። ልጅ የለህም፣ ወንድም የለህም። ማን ይናገርልሃል? የእኔን ስም ብቻ እንዳትሰጣት። እኔ አልደርስልህም።

ሀብተወልድ


የካ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀብቴ፣

ምነው ጠፋህ? ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። ልጆቹ ለቀው ይሰዱሃል ብዬ አንሶላህን አሳጠብኩ፤ መስኮቱንም በጨርቅ ወለወልኩት። ሲስተር አስቴር ዕረፍት ወጥታለች፣ ተተኪዋ ልጅ የማውቀው ነገር የለም ትላለች።

ትናንት ከበራችን በታች ባለው መንገድ ቀብር አለፈ። አቧራ የለበሱ መኪኖች ነበሩ፣ ከሩቅ የመጡ ይመስላሉ። አጥሩ ጋ ሄጄ እስኪያልፉ ቆምኩላቸው። ለማላውቀው ሰው ዱዓ አደረግሁለት። ወርቅአየሁ «የማን ነው?» ስትለኝ «የአገር ቤት ሰው ነው» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ግን ከፋኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። አንተን ነው ያሰብኩት።

ኢዶሳ ዛሬ ከበር አልገባም። ደብዳቤ ካለ በዘበኛው ስጡኝ ብሎ ልኳል። ሻይ የማይጠጣው ምን ሆኖ ነው? ምናልባት ፋኑኤል በእኔ የተነሣ ተቆጥቶት ይሆናል። በጎረቤት በኩል እንዲያደርስልህ ንገረው ብዬ ይኸው ለዘበኛው ሰጥቻለሁ።

ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፍልኝ። እጅህ ካልታዘዘህ ሀሴት ትጻፍልኝ።

ነጅመዲን


ሆሳዕና፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ነጅመዲን፣

ለአባቴ የጻፉት ደብዳቤ እኔ እጅ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ፣ አሁን በቀጥታ ልጻፈው።

አባቴ ጥር 13 ቀን ጠዋት ዐረፈ። በማግስቱ የካ ወስደን ከእናቴ ጎን ቀበርነው። አጥሩ ጋ ቆመው ዱዓ ያደረጉለት ሰው እሱ ነበር። መኪናዬ ከፊት ነበር፣ ቆመው አይቼዎታለሁ።

ልብዎን እንደሚያምዎ አውቃለሁና እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ያልነገርኩዎ እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ኢዶሳንም ለመንኩት፣ አይፍረዱበት። እውነቱ ግን ዓይንዎን ማየት ፈርቼ ነው። «ስሞት ከዘመድ ሁሉ በፊት ለነጅሜ ንገሩት» ብሎ ነበር አባቴ። እኔ ግን ከሁሉም በኋላ ነገርኩዎ። ሲስተር አስቴር ከዕረፍት ስትመለስ ሰምታ ደወለችልኝ፤ «ወይ አንተ ንገራቸው፣ ወይ ነገ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

ጥምቀት ይለፍ ስል አዘገየሁት፤ በሕይወቱ የካን ሳያይ ቀረ። ዘመዱ ሬሳውን አንለቅም ሲል ግን ተከራክሬ ይዤው መጣሁ፣ ያችን ብቻ አደረግሁለት። አንድ ነገር ልንገርዎ። እርስዎ ከጻፉለት በኋላ ነው አባቴ ያወራን። ከእናቴ ጋር እንዴት እንደተገናኙ፣ ሾላ የመጀመሪያ ወንበሩን ከማን እንደገዛ፣ እኔን ሕፃን ሆኜ ለምን እንደመታኝና እንዴት እንደጸጸተው። እስከዚያ ድረስ ስለ ተልባ ነበር የምናወራው። ያ አንድ ወር የእርስዎ ስጦታ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው ገዳይ ብዬ ሰድቤዎታለሁ።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ ለመጻፍ እንኳ አፍራለሁ።

ልጅዎ ፋኑኤል


የካ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋኑኤል፣

አላህ ያጽናችሁ። ለሀሴትም እንዲሁ በልልኝ።

ተቆጥቻለሁ፣ አልደብቅህም። ወንድሜን በበሬ ሥር ይዛችሁ ስታልፉ ለማላውቀው ሰው ቆምኩ። አፈር ላለብሰው የሚገባኝ ሰው ነበር፣ በእግሬ የምደርስበት ቦታ። በማግስቱ ደግሞ ለሞተ ሰው ጻፍ እያልኩ ስለማመጥ ነበር። ይህን እስክረሳው ጊዜ ይፈጃል፤ ላልረሳውም እችላለሁ።

ባለፈው እሑድ ኢዶሳና አስቴር ይዘውኝ መቃብሩ ጋ ወርደው ነበር። ኢዶሳ ገና ከመኪናው ስንወርድ እያለቀሰ ይቅር በለኝ አለኝ፤ ይቅር አልኩት። አፈሩ ገና አልጠነከረም። ከአባትህ ጋር ብዙ አወራሁ። ጆሮው ስለማይሰማ ጮክ ብዬ ነበርና ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። ስመለስ አልጋውን ለሌላ ሰው መስጠት እንደምትችል ለአስቴር ነገርኳት። ትናንት አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ገባበት፤ ስሙን ገና አልያዝኩም።

ዛሬ ጠዋት አስቴር ፀሐይ ላይ አስቀመጠችኝ። በዚህ ጊዜ አላመለጥኳትም። ሆስፒታል አትውሰጂኝ፣ እዚሁ እሆናለሁ፣ ስሞት የመስጊዱ ሰዎች አጥበው በዚያው ቀን ይቅበሩኝ አልኳት። ይኼ ቀላል ነበር። «ሕመምዎ ሲከብድ ማን ይንገርዎ?» ስትለኝ ግን የማውቀውን ሰው ሁሉ በጣቴ ቆጠርኩ። እሷ ራሷ ልትነግረኝ ትችላለች፣ ጥሩ ልጅ ናት። ግን የእሷ ሥራዋ ነው፤ ሌላም ብዙ የምትነግረው ሰው አለባት።

የአንተን ስም ሰጠኋት። «ያ የደበቀብዎት ልጅ?» ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አዎ፣ እሱ አልኳት። ሌላው ሰው ሁሉ ይነግረኝ አይነግረኝ አላውቅም። አንተ ግን ዘግይተህም፣ ፈርተህም ቢሆን አንዴ ነግረኸኛል።

እሷ ስትደውልልህ እንደ መርዶ ሰው ሰብስበህ በማለዳ አትምጣብኝ። በቀን ና። ወንበር ስበህ አጠገቤ ተቀመጥና ንገረኝ። ከነገርከኝ በኋላ ቶሎ አትነሣ።

ነጅመዲን